ብረት አይንካው የተባለው ወይንሽ

ይድረስ ለእማዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳይመክረኝ፣ ይህ ደብዳቤ የተጻፈበትን ወረቀት አያ ደምለው የሙት ዓመትሽን ጥሪ ከሚጽፉበት ደብተር ገንጥዬ ወስጃለሁ። አራት ቅጠል ነው። ሦስቱ ባዶ ነበሩ፤ በአራተኛው ጀርባ ግን የአሥራ አራት ሰው ስም አለ። እንግዲህ አሥራ አራት ሰው ሳይጠራ ሊቀር ነው ማለት ነው። ስማቸውን አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። ሦስቱን አንቺም በሩቅ ስታዪያቸው መንገድ ትቀይሪ ነበርና ቅጣቴ በዚያው ልክ እንዲቀነስልኝ እለምናለሁ።

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ከሦስት ሳምንት ሆነ። የፊታችን ቅዳሜ ዓመትሽ ይወጣል። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ለቅሶ የመጣው ሁሉ «እሷስ አረፈች» ሲል ስለከረመ ማረፍሽን አምኜ ተቀብያለሁ። ያላረፍነው እኛ ነን። ዛሬ የምጽፍልሽም ናፍቆኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ወይንሽን ነገ ሊቆርጡት ነው። መከርከም ማለቴ አይደለም። ከሥሩ፣ በመጥረቢያ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ከመሐል ስጀምር ራሴም ይምታታብኛል።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብልሽ እዋሻለሁ። አባዬ ሽሮ መሥራት ተምሯል፤ «ተምሯል» ያልኩት እሱን ላለማሳፈር ነው። ከመዝገብ ቤት ሥራው ሲመለስ ድስቱን እንደ ፋይል ይከፍተዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይከድነዋል። ከዚያ ዳቦ ይልከኛል። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ በዝቶ መንገድ መሻገር ጸሎት ይጠይቃል። እኔ አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ። አሁንም የምንማረው በፕላዝማ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና እኛ ገና ጥያቄው ሳይገባን «ቬሪ ጉድ» ብላ ታልፋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። አያ ደምለው እኛ ቤት መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ግን ለምጄዋለሁ፤ እሳቸውም ሲጠይቁ እንደዚያው ናቸው።

አያ ደምለው ታላቅ ወንድምሽ ናቸውና ስለሳቸው ለአንቺ እንዲህ መጻፌ ነውር ነው። ግን አንቺም ስታዳምጫቸው አንገትሽን ደፍተሽ ትስቂ ነበር፤ አይቼሻለሁ። ድሮ ከቡሬ ገጠር በዓመት ሁለቴ የሚመጡት ሰውዬ አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ። ካንቺ ወዲህ ቤቱ ሰው አጥቶ እንዳይውል ብለው ነው፤ ለዚህስ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን በሰፈራቸው የአንድ ለአምስት መሪ ስለሆኑ አምስት ሰው ፊታቸው ከተቀመጠ ስብሰባ ይመስላቸዋል፤ ስብሰባ ከመሰላቸው ደግሞ ውሳኔ ሳያሳልፉ አይነሱም። በበቆሎ ጉዳይ የሚደርስባቸው የለም። ችግሩ በቆሎ ያልሆነውን ነገር ሁሉ እንደ በቆሎ ማየታቸው ነው።

ወይኑ ደግሞ በቆሎ አይደለም። ይህን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል? ቡሬ ችግኝ ጣቢያ ስትሠሪ፣ እርሳስ የምታህል ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ፣ በአውቶቡስ እስከ ፍኖተ ሰላም ይዘሻት የመጣሽውን ስንቴ ነግረሽኛል። «አንቺን በሆዴ፣ እሷን በጭኔ» ትይኝ ነበር። ከዚያ አባዬ ደስ ሊያሰኝሽ ብሎ አንቺ ሳታይ ጉድጓድ ቆፍሮ ተከላት። ገልብጦ። የላይኛውን ጫፍ አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ሥር የሚያወጣውን ጫፍ ወደ ሰማይ አቁሞ። አንቺ ግን አንድ ቃል አልተናገርሽም። ቢሮ እስኪሄድ ጠበቅሽ፣ ነቀልሻት፣ አዙረሽ መለስሻት። ባቆጠቆጠች ጊዜ አባዬ ጎረቤት እየጠራ «እጄ ለተክል ይሆናል» ሲል፣ አንቺ «አዎ፣ እጅህስ» እያልሽ ውኃ ታጠጪ ነበር። ይህን ምስጢር ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ። እስከ ዛሬም አላወጣሁትም። አባዬ ስለ ሐረጉ እንግዳ ፊት ሲኩራራ ስንቴ ምላሴን እንደነከስኩ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ግንዱ ከአያ ደምለው ክንድ ይወፍራል። ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ገመድ ይላጣል። ከማድ ቤቱ እስከ ጓሮ በር አንቺ በአጣና የሠራሽውን ዳስ ሞልቶ፣ አልፎ ተርፎ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። አንቺ ብትኖሪ አይወጣም ነበር። አንቺ ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥምቀት ሳይደርስ፣ ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ሲተኛ መቀስሽን ይዘሽ ትወጪና ከአሥሩ ቅርንጫፍ ዘጠኙን ትጥይ ነበር። መጀመሪያ ያየሽ ጊዜ አባዬ ሐረጉን የገደልሽው መስሎት ቤት ገብቶ በር ዘግቶ ተቀመጠ አሉ። እኔን ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ መሰላል አስይዘሽ አስተምረሽኛል። ቡቃያው የተደበቀባትን እብጠት «ዓይን» ትያት ነበር። ሁለት ዓይን ትተሽ፣ ከላይኛዋ ዓይን አንድ ጣት ከፍ ብለሽ፣ ውኃ እንዳያርፍባት በሰያፍ።

«የሚያፈራው አምና በበቀለው እንጨት ላይ የሚወጣው ቀንበጥ ነው» ብለሽኛል። «ሁሉንም ከተውሽለት ራሱን ሲሸከም ይውላል እንጂ ፍሬ አይሸከምም።»

በሰኔ መግቢያ ዘለላውን አውርደሽ፣ ለእኛ የሚበላውን አስቀርተሽ፣ የቀረውን ቆርቆሮው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈሽ ታደርቂው ነበር። ዝናብ ባንዣበበ ቁጥር እየሮጥሽ ታነሺዋለሽ፣ ፀሐይ ስትወጣ እየሮጥሽ ትመልሺዋለሽ። ያ ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ለቅዳሴው ይሆናል። በጓሮሽ ያደገ ነገር መቅደስ ገባ ብለሽ አንድም ቀን አልተኩራራሽም። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ተኩራርቼበታለሁ፤ ይህንንም ከኃጢአቴ ጋር ደምሪልኝ።

ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ አልጋ ላይ ነበርሽ። በመስኮቱ ታዪው ነበር። «ዘንድሮ ማን ይከረክመዋል?» አልሽኝ። «እኔ» አልኩሽ። «ስድን አብረን» አልሽ። አልዳንሽም።

ስለዚህ በአርባሽ ማግስት መቀሱን ከሳጥንሽ አውጥቼ መሰላሉን አቆምኩ። ዘግይቷል፤ ዓይኖቹ ማበጥ ጀምረዋል። ዘግይቶ ሲቆረጥ ከቁስሉ ውኃ ያንጠባጥባል፣ «ያለቅሳል» ትይ ነበር፤ ቢሆንም ጨርሶ ካለመቁረጥ ይሻላል ብለሽኛል። አንዱን ቅርንጫፍ ጨብጬ መቀሱን ገና ሳልገጥም አያ ደምለው ከዳሱ ሥር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከንስሐ አባታችን ከአባ ጥበቡ ጋር ተቀምጠው ከተዝካርሽ የተረፈውን ምግብ እያገባደዱ ነበር።

«ውረጅ አንቺ ልጅ። በእናትሽ እጅ ባደገ ነገር ላይ፣ ዓመቷ ሳይወጣ ብረት አይንካው።»

እማዬ፣ እኔ ደንብ ሲወለድ ቆሜ አይቻለሁ። እዚያው፣ ዓይኔ እያየ፣ በጉርሻና በጉርሻ መሐል ነው የተወለደው። ከዚያ በፊት ማንም፣ የትም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሴት በሐዘን ጠጉሯን ትቆረጣለች፣ ወንድ ጢሙን ያሳድጋል፣ ይህን አውቃለሁ። አያ ደምለው ጢማቸውን አሳድገው ነበርና ሐረጉም ጢም ያለው መሰላቸው መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። በአክብሮት ነው የጠየቅኩት፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው እጄን አጣምሬ። አያ፣ እማዬ በእጇ ያሳደገቻቸው አራት ዶሮዎች ትናንት ምን ነካቸው፣ ላባ ነው? አልኳቸው። እነሱ ለሷው ዝክር ነው የታረዱት አሉ። ከቤቱ ጀርባ የዘራችውስ በቆሎ ሲደርስ? እሱ በእጅ ይሸለቀቃል አሉ፤ ማጭዱን ረሱት። ወደ አባ ጥበቡ ዞርኩ፤ እሳቸው መጽሐፍ ያውቃሉ ብዬ። አባ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉና «ክፋት የለውም» አሉ። ክፋት የለውም ማለት ደንብ ነው ማለት አይደለም፤ ሽማግሌ እንዳያፍር የሚባል ነገር ነው። አያ ደምለው ግን «አባም ብለዋል» ብለው ያዙት። አባዬ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቀሱን ከእጄ ተቀበለና ሳጥንሽ ውስጥ መለሰው።

ከዚያ ወዲያ ደንቡ እግር አወጣ። በግንቦት ቡሬ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ የሟች ባሏን ጌሾ እንዳይለቅሙ ልጆቿን መከልከሏን ነገረችኝ። ለምን ብላት «የጥንት ደንብ ነው ልጄ፣ እናንተ የከተማ ልጆች የት ታውቁታላችሁ» አለችኝ። የሦስት ወር ደንብ። የተወለደው እኛ ጓሮ ነው፣ አዋላጇ እኔ ነኝ ልላት ነበር፤ ግን አለቀሰችብኝና ተውኳት። አያ ደምለው ራሳቸውም በሐምሌ «አባቶቻችን እንደሚሉት» እያሉ ይጠቅሱት ጀመር። ሰው ራሱ ያለውን ነገር በአባቶቹ ስም መልሶ ሲሰማና ሲስማማ አይቼ የማውቀው ያን ጊዜ ነው።

እኔስ ምን አደረግኩ? ብረት አይንካው ተባለ እንጂ ጥርስ አይንካው አልተባለም። ለጋው ቀንበጥ ገና እንጨት ሳይሆን፣ ማንም ሳያይ በጥፍሬ እየቀነጠስኩ፣ ጥፍሬ እምቢ ሲለው በጥርሴ እየቆረጥኩ ጣልኩት። ያ የሚጠመጠመው ቀጭን ጅራቱ ምን ያህል እንደሚመር... አይ፣ አይመርም፣ ይጎመዝዛል፤ ዓይን ያስጨፍናል። አንድ ቀን አባ ጥበቡ ድንገት ገቡና አፌ አረንጓዴ ሆኖ አገኙኝ። አባዬን ጠርተው ልጅቷ ጠበል ብትጠመቅ ጥሩ ነው አሉት። ሦስት ቀን በብርድ ተጠመቅኩ። ለወይንሽ ብዬ የተቀበልኩት መከራ እንደሆነ ይመዝገብልኝ።

ግን ጥርስ መቀስ አይሆንም። ክረምቱ ሲገባ ቀንበጡ ሁሉ ጠንክሮ እንጨት ሆነ። ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ነፋስ እንኳ አያልፍም ነበር። አንቺ ዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል የምትለቅሚው ነፋስ እንዲገባለት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ፤ አየር ያጣው ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጣ። ፍሬው? የበርበሬ ፍሬ የሚያህል ጎምዛዛ ነገር ጥቂት ዘለላ ላይ አየሁ፤ እሱንም ወፍ ቀመሰና ተወው። ቆርቆሮው ላይ ጨርቅ አልተነጠፈም። የቤተ ክርስቲያኑ ዘቢብ ከሱቅ ተገዛ። አባ ጥበቡ መጥተው እያዘኑ «ምነው ልጄ፣ ወይናችሁን ምን ነካው?» አሉኝ።

«ብረት አልነካውም አባ» አልኳቸው።

ጭራቸውን እንኳ አላወዛወዙም። እግዜር ያሳያችሁ ብዬ ቤት ገባሁ፤ ትራሴ ውስጥ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ።

አሁን ሐሙስ የሆነውን ልንገርሽ። ለሙት ዓመትሽ ዝግጅት ጓሮ ተሰበሰቡ። ድንኳን የት ይተከል የሚል ጉዳይ ተነሳ። አያ ደምለው ግቢውን በእርምጃ ለኩ፣ ከዳሱ ሥር ቆሙ፣ ወደ ላይ አዩ። ድንኳኑ እዚህ ነው አሉ። ሐረጉ ፍሬ አልሰጠም፣ ሰማዩን ዘግቷል፣ የእባብ መደበቂያ ሆኗል፤ ሰኞ ከሥሩ ተቆርጦ ይነሳ፣ እንጨቱም ለወጡ ማገዶ ይሆናል።

ማገዶ። እማዬ፣ በወይንሽ የዝክርሽን ወጥ ሊሠሩ ነው። እንግዳው እየበላ «እጇ ለተክል የሚሆን ሴት ነበረች» ሊል ነው። እኔ ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም፣ አውቃለሁ፤ ከፍ አላደረግኩም፤ እንዲያውም ዝቅ ስላደረግኩት ሁሉም አዳመጠ።

«አያ፣ ብረት አይንካው ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ዓመቷ እስኪወጣ አልኩ።»

«ዓመቷ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። እርስዎ የሚሉት ሰኞ ነው።»

«ለሷው ዝግጅት የሚደረግ አይቆጠርም።»

«ታዲያ አምና መቀስ ሊነካው ሲል ለማን ነበር የሚደረገው?»

«የዚች ልጅ ምላስ ከሐረጉ ይረዝማል» አሉ ለተቀመጡት፣ ለእኔ ሳይሆን። ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። በቀልዱ ይሁን በእኔ የሳቁት አላውቅም፤ ግን አንድም ሰው «ልጅቷ ያለችው ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ለዓመታት ፍሬውን የበሉ ሰዎች ናቸው። አንቺ ስትከረክሚ ከዚያ አጥር በላይ እያዩ «አበደች» ይሉ የነበሩም አሉበት። አንቺን ለማመስገን ሁሉም አፍ አለው፤ አንቺ የምታውቂውን ለመስማት ግን ጆሮ ያለው ጠፋ። ሴት ልጅ ስትሞት «ባለሙያ ነበረች» ይላሉ፤ ሙያዋ ምን እንደነበር ጠይቂያቸው፣ ወጥ ነው የሚሉሽ።

አባዬን አየሁት። እሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። የራሱን ወይን፣ በገዛ እጁ የተከለውን፣ ገልብጦም ቢሆን። «ተይ እንግዲህ ልጄ» አለኝ። ይኸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና አባዬ የምንነጋገረው «ጨው አቀብዪኝ» ብቻ ነው። ማታ ማታ ጓሮ ወጥቶ ይቆማል፤ ምን እንደሚያይ አልጠየቅኩትም። አኩርፌያለሁ፤ ለመኩረፍም መብት አለኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። ሁሉም ለቅዳሴ ሄዱ፤ ከዚያም ሰንበቴ አላቸው። እኔ ሆዴን አመመኝ አልኩ። በሰንበት ብረት ማንሳቴን ለብቻው እናዘዘዋለሁ፤ አባ ጥበቡ ከፈለጉ ሌላ ሦስት ቀን ጠበል ያስገቡኝ፣ ለምጄዋለሁ። ሰው እንደወጣ ሳጥንሽን ከፈትኩ። ዓመት ሙሉ ተዘግቶ መቀሱ ዝጓል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልዛገም። ዘይት ተቀብቷል፣ ስለቱም ተስሏል። በትኩሱ። ማን እንዳደረገው ገርሞኛል፤ አባዬ ነው እንዳልል «ተይ» ያለኝ እሱ ነው። እጀታው ላይ ያለው ላስቲክ በጣቶችሽ ልክ ጎድጉዷል። ጣቶቼን እዚያው ውስጥ አስገባሁ። ትንሽ ይሰፋኛል።

ከዚያ ቆረጥኩ እማዬ። ከጧቱ ጀምሮ ነው። ዘጠኙን ጥሎ አንዱን መተው ቀልድ አይደለም፣ ባንቺ ጊዜ መሰላል ይዤ ሳይ ቀላል ይመስለኝ ነበር። የሁለት ዓመት እንጨት ስለሆነ አንዳንዱን በመጋዝ ነው ያወረድኩት። የትኛው ያምናው፣ የትኛው የካቻምናው እንደሆነ በቅርፊቱ ለየሁ፤ ያምናው ለስላሳና ቀላ ያለ ነው፣ ልክ እንዳልሽኝ። ሁለት ዓይን፣ አንድ ጣት፣ በሰያፍ። የታመመውን ሁሉ ለብቻው ከመርኩ፤ እሱን ለማገዶ ይውሰዱት፣ አልከለክልም። አንድ ሁለት ቁስል ጫፉ ላይ ጠብታ አቁሟል። አያ ደምለው ቢያዩ ለአንቺ አለቀሰ ብለው ሌላ ደንብ ይወልዳሉ። ለአንቺ የሚያለቅሰው ሐረጉ አይደለም።

ድንኳናቸውም ይገባል። ለክቼዋለሁ፤ በእሳቸው እርምጃ ሳይሆን በገመድ። ሐረጉ ወደ ዳሱ ልክ ሲመለስ ከጓሮ በር ወዲህ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ይህን ሐሙስ ዕለት ልነግራቸው ነበር፤ ምላሴን ሲለኩ ጊዜ አጡ እንጂ።

አሁንም መጥረቢያውን ካመጡ፣ እንግዲህ ያምጡ። ከጤነኛው እንጨት አራት አራት ዓይን ያላቸው ሠላሳ ሁለት ቁራጮች ቆርጬ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልያለሁ። የታችኛውን ጫፍ ቀጥ፣ የላይኛውን በሰያፍ አድርጌ፤ ማንም እንደ አባዬ እንዳይገለብጥ አንቺ ያወጣሽው ዘዴ ነው፣ ምክንያቱን ግን ለማንም አልነግርም። ነገ ወደ ትምህርት ቤት ይዣቸው እሄዳለሁ። ከዱርቤቴ መጥታ አክስቷ ዘንድ ለምትማረው ጓደኛዬ ሦስት እሰጣታለሁ፣ ወደ አገሯ ትልካለች። ከመራዊ ለመጡት የክፍሌ ልጆችም አለኝ። አንዱን ደግሞ አባ ጥበቡ ሳያዩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እተክለዋለሁ፤ አያ ደምለው እዚያ ድረስ መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ወይን መቁረጥ ይችላሉ። በሠላሳ ሁለት ሰው ግቢ ግን እየዞሩ ስብሰባ ማድረግ አለባቸው።

እማዬ፣ ቅዳሜ ድንኳን ይተከላል፣ ወጥ ይሠራል፣ ስምሽ ይጠራል። እኔም እቆማለሁ፣ አስተናግዳለሁ፣ እንደ ደንቡ አለቅሳለሁ። ግን የምረሳሽ እዚያ እንዳይመስልሽ፣ የማስታውስሽም እዚያ እንዳይመስልሽ። በየዓመቱ ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥምቀት ሳይገባ፣ የትም ልኑር የት፣ አግብቼም ሆነ ተምሬ፣ መቀስ ይዤ መሰላል ላይ እወጣለሁ። ዘጠኙን እጥላለሁ፣ አንዱን እተዋለሁ። ልጅ ብወልድ መሰላሉን እሱ ይይዛል። ሲጠይቀኝ ማን እንዳስተማረኝ እነግረዋለሁ፣ ሙያሽ ምን እንደነበርም ጨምሬ።

አሁን ከግንዱ ሥር ክምሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። መዳፌ ተልጧል። ጣሪያው ላይ የወጣው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ብቻ ቀርቶኛል፤ መሰላሉ ስለሚወዛወዝ ብቻዬን አልደፈርኩም።

የውጭ በር ተከፈተ። አባዬ ነው። ሰንበቴው ሳያልቅ መጣ። ለነገ የተዋሰውን መጥረቢያ ይዟል። አላየሁትም ብዬ አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጥያለሁ። እሱም እኔን እያየኝ አይደለም። ክምሩን አየ። ዳሱን አየ። ዓመት ሙሉ ጨለማ የነበረው የማድ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ወርዶበታል፤ እዚያ ላይ ቆመ። አንዱን የተቆረጠ ጫፍ በጣቱ ነካው፣ ሰያፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ መጥረቢያውን ከግድግዳው አስደግፎ ተወው። አሁን መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጣሪያው ቀና ብሏል፤ ፊቱን አያዞርልኝም።

«ማንጠግቦሽ» አለኝ። «ለዚህኛው ስንት ዓይን እንተውለት?»